ለእናቴ ያልነገርኳት የአይጦች ነገር

ለማስተማር ወደ ሰቆጣ በተመለስኩበት ዓመት እናቴ ውሃ መጠጣት ትታ ነበር።

ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። በቀትር ፀሐይ ከገበያ ትመለስና ጣሳውን ታነሳለች፤ ከንፈሯን ታረጥባለች፤ የቀረውን ለዶሮዎቹ ትደፋዋለች። ቦኖው ጋ ግማሽ ቀን ተሰልፈን በምንቀዳበት ከተማ ንጹሕ ውሃ ለዶሮ የሚደፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አልጠማሽም እንዴ፣ እማዬ?»

«ውሃው ጨው ጨው ይለኛል።»

«ትናንት አብረን የቀዳነው እኮ ነው።»

«እሱ ነው ጨው ጨው የሚለኝ።»

ቀመስኩት። ጨው ጨው አይልም።

ሌላ ልጅ ብትሆን ነገሩን እርጅና ነው ብላ ትተወው ይሆናል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ ጣሳውን ባስቀመጠች ቁጥር ትዝ ይለኛል። ውሃ የማይጠጣ ሰው አንድም አልጠማውም፤ አንድም ከጠጣ በኋላ የሚመጣውን ይፈራል። የምትፈራውን ማወቅ ነበረብኝ። ካወቅኩ ደግሞ እኔም የማውቀውን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሁለቱንም እኩል ፈራኋቸው።

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ እናቴ የማሕፀን በር ካንሰር ተገኘባትና ለጨረር ሕክምና መጣች። አባቴ ሞቷል፤ ወንድምም እህትም የለኝም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ፊት የተቀመጥነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። እናቴ አማርኛ ትችላለች፤ ግን የገበያና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው። ነገር ሲከብድ ወደ ኽምጣኛ ትመለሳለች። «አንቺ ስሚውና በቋንቋችን ንገሪኝ» አለችኝ።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። ሳይቸኩል ረጅም ጊዜ ተናገረ። ጨረሩ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ሆዷን እንደሚረብሻትና እንደሚያደክማት ነገረን። በመጨረሻም ማሕፀንና የሽንት ፊኛ ጎረቤት ስለሆኑ ጨረሩ ፊኛውንም እንደሚነካው፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሊላት ወይም ደም ሊቀላቀልበት እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ሳትቆይ እንድትመጣ አስጠነቀቀ። ይህን ሲል አንድ ወንድ ነርስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ወንዶች ባሉበት ስለ እናቴ ሽንት መናገር! እነሱ ኽምጣኛ እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ያፈርኩት ከእነሱ ይሁን ከእናቴ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ብቻ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ሕክምናው ይከብዳል፤ ግን ያድናል ይላል» ብዬ ጨረስኩ።

እናቴ ሐኪሙን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ዳነች። ከሰቆጣ ስትወጣ በለቅሶ የሸኟት ሰዎች በእግሯ ስትመለስ ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። የተውኩትን ዓረፍተ ነገር እኔም ረሳሁት፤ ወይም የረሳሁት መሰለኝ።

አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ስጀምር አማካሪዬ ውጭ አገር ሲማር ያስቀራቸውን የመስታወት ስላይዶች ከነእንጨት ሳጥናቸው ሰጠኝ። በየስላይዱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የአይጥ ፊኛ ቁራጭ ተለጥፏል። ግማሾቹ አይጦች ጨረር የተሰጣቸው ናቸው፤ ግማሾቹ ያልተሰጣቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

«ካወቅሽ ዐይንሽ የምትፈልጊውን ያይልሻል» አለኝ። «መጀመሪያ ለኪ፤ ያየሽውን ሳዪ። ቁልፉን ኋላ እሰጥሻለሁ። በዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድመሽ የምትጠረጥሪው ራስሽን ነው።»

ሁለት ወር ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፋሁ። የጤነኛ አይጥ ፊኛ ባዶ ሲሆን ውስጡ እንደ ተሰበሰበ መጋረጃ ነው፤ ሽንት ሲሞላ እጥፋቱ ይዘረጋና ቦታ ይሰጣል። ሌሎቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። የውስጡ ሽፋን አንድ ቦታ ተልጧል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ያለ ልክ ተደራርቦ በቅሏል። ጡንቻው መሐል ጠባሳ ገብቷል። ጠባሳ አይዘረጋም። ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች አብጠው፣ ግድግዳቸው ሳስቶ፣ ሽፋኑ ሥር ተጋድመዋል። ቁልፉ ሲሰጠኝ አንዱንም አልሳትኩም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ስላይዱ ሳይሆን አብሮ የሰጠኝ ጽሑፍ ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦቹን ወለሉ ሽቦ በሆነ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ከሽቦው ሥር ጥቅል ወረቀት ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። አይጧ በሸናች ቁጥር ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨረር የተሰጣቸው ከጤነኞቹ ብዙም አይለዩም። ይበላሉ፤ ይሮጣሉ። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ነጠብጣቦቹ እየተቀራረቡ፣ እያነሱ፣ እየበዙ ይሄዳሉ። ፊኛው ጠብቧል ማለት ነው። የተወሰኑት ላይ ደም ታየ።

«ሰው ላይስ?» ብዬ አማካሪዬን ጠየቅኩት። ይህን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

«ሰው አይጥ አይደለም። ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም። ከሆነም አይጥ ላይ ወራት የፈጀው ሰው ላይ ዓመታት ይፈጃል። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር እናቴን «ሽንትሽ እንዴት ነው?» እላት ጀመር። ሴት ልጅ እናቷን የምትጠይቀው ጥያቄ አይደለም። እናቴ ሁልጊዜ ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኝና «እንደ ሰው ሁሉ» ትለኛለች። ይህን ብቻ ሰምቼ እመለሳለሁ። የዳነችን ሴት በአይጥ ወሬ ለምን አስፈራራታለሁ እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር።

እንግዲህ ውሃውን ያየሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ካየሁ በኋላ ሌላውም መታየት ጀመረ።

እናቴ ቆራቢ ናት። እሑድ ቅዳሴ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቅጽሩ ውስጥ፣ ከፊት የምትቆም ሴት ነበረች። ያን ዓመት ግን አርፍዳ ትሄዳለች፤ ከቅጽሩ ደጃፍ ውጭ ግንቡን ተደግፋ ትቆማለች። እዚያ ደጅ የሚቆሙት የወር አበባ ላይ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጎረቤታችን አንድ እሑድ ክንዴን ይዛ «ምነው እናትሽ እንደ ልጃገረድ ከደጅ ቀረች?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ አዲስ አበባ ወራት ተቀምጣ የመጣች፣ እየከሳች የምትሄድ ሴት በእነዚያ ዓመታት ምን ትባል እንደነበር ሁሉም ያውቃል። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። እናቴ አዲስ አበባ ሳለች ተመርምራ ነፃ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ሰው በየደጁ እየቆመ ማስረዳት አይችልም፤ እኔ ደግሞ ከማንም ይልቅ አልችልም።

ሦስተኛው ነገር አክስቴ ናት፤ የአባቴ እህት። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰቆጣ ዙሪያ ነው የምትኖረው። በየሁለት ቀኑ አፉ በጨርቅ የታሰረ ቅል ይዛ ትመጣለች። ውስጡ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚል መጠጥ አለ። እናቴ ውሃ የማትጠጣዋ ሴት ያን ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ዞር ስል በኽምጣኛ ይቀጥላሉ። ቋንቋው የጠፋኝ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን በግድግዳው በኩል «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» ስትል ሰማኋት፣ እናቴን።

አባቴ ሲሞት እናቴና አክስቴ ስለ አንድ ቁራጭ መሬት ክፉ ተነጋግረው ነበር። ታርቀዋል፤ ግን እኔ ያን ሰሞን እርቁንም ጠረጠርኩት። የሽንት መንገድ የሚያቃጥል ሥር አለ ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ምናልባት ጨረሩ አይደለም፤ ምናልባት ቅሉ ነው። እውነቱን ለመናገር ቅሉ እንዲሆን ፈለግኩ። ቅሉ ከሆነ እኔ አልበደልኩም።

ከቅሉ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ቀዳሁና ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ላብራቶሪያችን መስታወቱ የተሰበረ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት የመስታወት ቱቦዎችና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የቅጠል ስታርች የምናሳይበት አዮዲን አለው። መርዝ የሚለይ ነገር የለንም። እኔም ያለኝን አዮዲን ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው እንደ ቀለም ጠቆረ። ስታርች ነው። አሸተትኩት፤ ከጤና አዳሙ ሥር የሚሸተው ገብስ ነው።

አጥሚት ነበር፤ እጅግ የቀጠነ የገብስ አጥሚት። ቆሜ ቱቦውን ሳይ ቆየሁ። ስታርች መኖሩ ሌላ ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ነበርኩ።

ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። መጸዳጃችን ግቢው ጥግ፣ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ነው። እናቴ በፊቴ ባለፈች ቁጥር በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ከጠዋት እስከ ቀትር አሥራ አራት ጭረት ሆነ። የጠጣችው ሁለት ጉንጭ አይሞላም። አሥራ አምስተኛውን ሳሰምር ጥላዋ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው?»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ግልባጩ ላይ የተማሪ ፈተና ነበር፤ ግን አይታለች።

«እኔ ስወጣ ትጭሪያለሽ፤ ስገባ ብዕርሽን ትጥያለሽ። ቆጥረሽኛል።»

አክስቴ ቅሏን ይዛ ልትገባ ደጃፉ ላይ ደርሳ ነበር።

«ሌባ ነኝ?» አለች እናቴ። «ውሽማ አለኝ ከካቡ ጀርባ? በየሰዓቱ እሱን ለማየት የምሄድ?»

«ኧረ ተይ አንቺ!» አለች አክስቴ።

«ሽንትሽን ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን?»

«ሽንትሽን ነው የቆጠርኩት። ቶሎ ቶሎ ይልሻል። ውሃ የተውሽው ለዚያ ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ አጭር ነበር። መዳፏን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ነጥቷል።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለች። «ያን ቀን ሐኪሙ ረጅም ተናገረ፤ አንቺ አጭር ነገርሽኝ። እኔ ማሰብ አይሳነኝም። ፊኛ ሲል ሰምቻለሁ። ደም ሲል ሰምቻለሁ። የቀረውን ልጄ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ በየበዓሉ እየመጣሽ ሽንትሽ እንዴት ነው ትይኛለሽ። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ። እስክትነግሪኝ እኔም አልነግርሽም ብዬ ተውኩት።»

«ደም አለው?»

«ከፋሲካ ጀምሮ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውንና እኔ የዋጥኩትን፣ ሳጥኑን፣ ስላይዶቹን፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን ነጠብጣብ። በኽምጣኛ ጀምሬ ቃል ሲያጥረኝ በአማርኛ ጨረስኩ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትሰማለች።

«አንቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «አራት ዓመት ተምረሽ ያመጣሽልን የአይጥ ሽንት ነው?»

«ሌላም አለ» አልኩ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ነው። «ከቅልዎ ቀድቼ ነበር።»

«አንቺ ነሽ? እኔ ውሻው ነው ብዬ በድንጋይ አሳድጄዋለሁ። ጣፈጠሽ?»

«አልጠጣሁትም። መረመርኩት።»

«ምን አገኘሽበት?»

«ገብስ።»

አክስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ገብስ! ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር? ሰው ገብስ ለማወቅ አዲስ አበባ ይሄዳል?» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ውሃ ነው ስልሽ አልጠጣም አልሽ። መድኃኒት ነው ስልሽ ጠጣሽ። ምን ላድርግ?»

«መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ፤ አሁን ደግሞ እሷን በጥርጣሬ እያየቻት።

«ገብስ ነው፤ ሐኪሟ መርምራዋለች።»

እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ተመለሰች። «አይጦቹስ? መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ተገደሉ» አልኳት።

«በጨረሩ?»

«አይደለም። ፊኛቸውን ለማየት።»

«እኔንም ለዚያ ነው አዲስ አበባ የምትወስጂኝ» አለች። «አቃጥለውኛል፤ አሁን የሆነውን ማየት ይፈልጋሉ። አልሄድም።»

ጤና ጣቢያ ለመሄድ እንኳ አንድ ሳምንት ለመንኳት። ጤና መኮንኑ የኢንፌክሽን ክኒን ሰጣት። ክኒኑ አለቀ፤ ደሙ አላቆመም። ሁለተኛ ስንሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላም ምርመራ ብናደርግ አይከፋም» አለ። የትኛውን እንደሆነ እናቴ ገባት። ተነሥታ ወጣች። እኔ ቀረሁ። እጄን ጭኔ ላይ ጭኜ፣ ጠረጴዛውን እያየሁ፣ «ጨረር ወስዳለች» አልኩት፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለማሕፀን በር፣ ፊኛው ጎረቤት ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገራችሁኝም?» አለኝ። ጨረሩ ያመጣው ሊሆን እንደሚችል፣ ካንሰሩ ራሱ ተመልሶም ሊሆን እንደሚችል፣ በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ ገብቶ ማየት እንደሚያስፈልግ፣ ያ ደግሞ እዚህ እንደሌለ ነገረኝና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈ። ደሟ በጣም አንሷል፤ እንዲህ እየፈሰሰ ብዙ እንደማትቆይ ሳይደብቅ ነገረኝ።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ ፊቷ አስቀመጥኩት። አላነሳችውም።

«ማሕፀኔ ነው የሚደማው» አለች። «ያው በሽታ ነው። እኔ እየሞትኩ ነው፤ አንቺ ስለ አይጥ ታወሪልኛለሽ። ከደጅ የምቆመውስ ለምን ይመስልሻል?»

«ከየት እንደሚመጣ አይተሻል?»

«ደም ከየት ይመጣል?»

ያን ጊዜ እስከዛሬ ለማንም ያላልኩትን፣ በተለይ ለእናቴ እላለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ነገር፣ በዝርዝር ነገርኳት። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቀን ሙሉ እንድትይዝ፤ ሽንቷን ደግሞ በጠርሙስ እንድትቀበል። ከማሕፀን ከሆነ ጨርቁ ይቀላል። ከፊኛ ከሆነ ጠርሙሱ ቀልቶ ጨርቁ ንጹሕ ይሆናል። እርግጠኛ ምርመራ አይደለም፤ ግን ጅምር ነው አልኳት።

«አንቺ ታዪዋለሽ?»

«አላይም። አንቺ እዪው።»

ሦስት ቀን ምንም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። አሮጌ ነጠላ ስትቀድ አይቻለሁ፤ የሽቶ ጠርሙስ ስታጥብ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አራት ነጭ ቁራጭ ጨርቆች ገመዱ ላይ ተሰጥተዋል። ታጥበው እንደሆነ ጠረጠርኩ። ቀርቤ ዳሰስኳቸው፤ ደረቅ ናቸው፤ የሳሙና ሽታ የላቸውም።

«አላመንሽኝም» አለች ከበሩ።

«አላመንኩሽም።»

«እኔም አላመንኩሽም ነበር። ለዚህ ነው አራት ያደረግኩት፤ አንቺ አንድ ነው ያልሽኝ።» ጠርሙሱን ከኋላዋ አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ሥጋ እንደታጠበበት ውሃ ቀይ ነበር።

በማግስቱ ብቻዋን ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች። የተመለሰችው ፊቷ ተቆጥቶ ነው። «አባ ሰደቡኝ» አለች። «‹ደም እየፈሰሰሽ ቁርባኑ ይቆያል፤ ከቅጽሩ ማን አስወጣሽ? ሳትጠይቂ በራስሽ ፈረድሽ፤ ሕመምተኛ ነሽ እኮ› አሉኝ። ‹ሐኪም ዘንድ ሂጂ› አሉኝ። እሳቸውንም አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«አልላክኋቸውም።»

አየችኝ። «እሄዳለሁ» አለች። «ግን መኪናው ላይ አልችልም። ሾፌር በየግማሽ ሰዓቱ አቁምልኝ እያልኩ ሰው መሣቂያ አልሆንም። ውሃ ሳልጠጣ ነው የምሄደው።»

«ካልጠጣሽ ደሙ ይረጋና ይዘጋሻል። ይህን ጤና መኮንኑ ነግሮኛል።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«አሁን ነው የነገርኩሽ» አልኩ።

ጠዋት አውቶቡስ ተራ አንድ ሙሉ ጣሳ አጠጣኋት። ከፊት፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። መንገዱ ወደ ኮረም ሽቅብ ቁልቁል ነው፤ ድንጋዩ መኪናውን ሲያንገጫግጨው የእናቴ ጣቶች የእጄ አንጓ ላይ ይጠብቃሉ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «ልጄ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እጄን አነሳሁ። ሾፌሩ አላየኝም። ረዳቱ ከኋላ ከአንድ የማር ነጋዴ ጋር ይጨቃጨቃል። የእናቴ ጥፍር ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ቆምኩ፤ የፊተኛውን ብረት ያዝኩ፤ ከአፌ የወጣው ያሰብኩት አልነበረም።

«ሾፌር! እናቴ ጨረር የወሰደች ሕመምተኛ ናት! ፊኛዋ ጠብቧል፤ በየግማሽ ሰዓቱ መውረድ አለባት!»

የተሳፈረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አሉ፤ «አቁም በይው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም እየሳቀ ዳር ያዘ። «እናቴ፣ ይውረዱ፤ ጊዜ አለን» አላት። እኛ ስንወርድ ሌሎች ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉን። አንዷ «አፈር ስሆን፣ ከሰቆጣ ጀምሮ ተይዤ ነበር፤ ማን ይናገር?» አለች።

ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ነጠላዬን ዘርግቼ ጋረድኳት፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

«ይድናል?» አለችኝ ከኋላዬ።

«የጠበበው መልሶ አይሰፋም። አይጦቹ ላይም አልሰፋም። ደሙን ግን ሊያቆሙት ይችላሉ ይባላል። ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነም ያዩታል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ትችያለሽ ለካ» አለች።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እናቴ ቶሎ አልተነሣችም። ልብሷን እያስተካከለች፣ ሳልጠይቃት፣ «ዛሬ እንደ ጉበት የረጋ ቁራጭ አለበት፤ ትናንት አልነበረውም» አለችኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ጻፍኩት። ስጽፍ ጠበቀችኝ።

ኮረም ሳንደርስ እንደገና ቆምን። በዚህኛው ጊዜ «አቁም!» ብላ የጮኸችው እሷ ነበረች።